ኤልኢዲ ከማደልህ በፊት ፒኩን (ፍጆታው ጣሪያ የሚነካበትን ሰዓት) የሚሰራው ማን እንደሆነ እይ

ሰላም ወንድሜ፣ የኃይል ቁጠባና የዲማንድ (የፍላጎት ማስተካከያ) ፕሮግራም አቅድ ተብዬ ኤልኢዲ አምፖል በማደል ልጀምር ወይ ላልከው፣ እኔም እዚሁ ስራ ላይ ስለቆየሁ የማውቀውን ልጻፍልህ።

አምፖሉ አይከፋም፣ ግን መጀመሪያ የቸገራችሁ ኪሎዋት (ባንድ ቅጽበት የሚሳበው ኃይል) ነው ወይስ ኪሎዋት ሰዓት (በጊዜ ብዛት የሚጠራቀመው ፍጆታ) የሚለውን ለዩ፣ ሰው ሁሌ ያደባልቃቸዋል። ያስጨነቃችሁ የነዳጅ ወጪ ወይም የግድብ ውሃ ከሆነ ኪሎዋት ሰዓት ነው መቀነስ ያለበት፣ ፊደሩ (ከሰብስቴሽን ወደ ሰፈር የሚወጣው መስመር) እና ትራንስፎርመሩ በፒክ ሰዓት ብቻ ከሆነ የሚጨናነቀው ግን ያቺን ሰዓት ማቅለል ነው ስራው። ስለዚህ የየሰዓቱን ሎድ (የሚሳበውን ኃይል) ከሰብስቴሽን (ከማከፋፈያ ጣቢያው) አውጣና ፒኩን የሚሰራው ቤት ይሁን ፋብሪካ እይ።

ሂሳቡን እንየው፣ 60 ዋት አምፖል በ9 ዋት ኤልኢዲ ሲተካ 51 ዋት ይቀንሳል፣ 100,000 ከሆነ ወረቀት ላይ 5.1 ሜጋዋት ነው፣ ግን በፒክ ሰዓት ግማሹ ብቻ ከበራ 2.55 ሆነ ማለት ነው፣ ፒካችሁ ቀን ላይ ከሆነማ ተወው። በነጻ የታደለ ደግሞ ሳይገጠም መሳቢያ ውስጥ የሚቀር አይጠፋም (ነጻ ነገር ያው ነው)፣ አሮጌውን እየተቀበላችሁ ብትቀይሩ ይሻላል።

ችግሩ ፒክ ከሆነ እኔ የውሃ ማሞቂያ ላይ ነበር የምሄደው። በፒክ ሰዓት ከሩቅ ሲጠፋ ብዙ ኢነርጂ አይቆጥብም፣ ውሃው በኋላ መሞቁ አይቀርማ፣ ኪሎዋቱን ግን ጥሩ አርጎ ያወርደዋል፣ ብቻ ሁሉንም ባንዴ መልሰህ እንዳታበራ፣ አዲስ ፒክ ትፈጥራለህ፣ በቡድን በቡድን ከፍለህ አብራ። ለፋብሪካዎች የፒክ ሰዓት ታሪፍ ከስንት ስልጠና ይበልጣል፣ ሰዓት የሚለይ ቆጣሪ ካላቸው ነው ታዲያ።

ፋይናንስ ክፍል ይቃወማል፣ ልክም ናቸው እኮ፣ የተቆጠበው ያልተሸጠ ነው። ካሊፎርኒያ በ1982 እ.ኤ.አ. የኤሌክትሪክ ድርጅቶቹን ገቢ ከሽያጩ መጠን ያላቀቀችው በዚሁ ምክንያት ነው፣ እናንተም ከተቆጣጣሪው መስሪያ ቤት ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ልኬቱን ደግሞ ፕሮግራሙ ሳይጀመር አስብበት፣ ተሳታፊዎቹን የሚመስሉ ያልተሳተፉ ደንበኞች ለይተህ ያዝ፣ አለዚያ ፍጆታ የቀነሰው በናንተ ስራ ይሁን አየሩ ስለተቀየረ ማንም አያውቅም። ያለናንተም ኤልኢዲ ሊገዙ የነበሩትን መቀነስ አትርሳ፣ እነሱን ቆጥሮ ሪፖርት ማሳመር በጣም የተለመደ ነው።

የዓመት ዳታ ካጣህ ከባድ ፒክ የታየባቸውን ሳምንቶች ብቻ ይዘህ ጀምር፣ የየሰዓቱን ሎድ ከርቭ (ግራፍ) ከለጠፍክልን አብረን እናየዋለን።