ከስልክ ወደ ክለብ ጠረጴዛ፦ የቼስ ጀማሪዎች ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 34 ሲሆን የምኖረው ሐዋሳ ነው። ቼስ የተማርኩትም እስካሁን የተጫወትኩትም በስልኬ ላይ ብቻ ነው፤ አሁን ክለብ ገብቼ በውድድር መሳተፍ እፈልጋለሁ። መጀመሪያ የመክፈቻ ስልቶችን አጥንቼ ልጨርስ ወይስ እንዲሁ ልመዝገብ? በልጆች መሸነፉም ያሳስበኛል።

መልስ፦ ቀድመው ይመዝገቡ፤ ጥናቱ ይደርሳል። የመክፈቻ ስልት ማለቂያ የሌለው ትምህርት በመሆኑ እሱን ጨርሶ ወደ ክለብ የሚሄድ ሰው የለም፤ በጀማሪዎች ደረጃ አብዛኛው ጨዋታ የሚወሰነውም ያለ ጠባቂ በተተወ ፈረስ እንጂ በተመረጠው መክፈቻ አይደለም። በቅድሚያ የሚያስፈልግዎ፣ ስልኩ እስከ ዛሬ ሲሠራልዎት የቆየውን ሥራ በራስዎ እጅ መሥራት መልመድ ነው።

ስልክ ከሕግ ውጪ የሆነ እንቅስቃሴን አይቀበልም፤ የሁለቱን ተጫዋቾች ጊዜ የሚቆጥረውን ሰዓትም ራሱ ይቀይራል። በውድድር ላይ ግን ተጋጣሚዎ ንጉሥዎን ሲያጠቃ «ቼክ» ብሎ የማስጠንቀቅ ግዴታ የለበትም። ንጉሥዎን ቼክ ውስጥ ትተው ሌላ ጠጠር ቢያንቀሳቅሱና ሰዓቱን ቢጫኑ፣ በዓለም አቀፉ የቼስ ፌዴሬሽን፣ በፊዴ ሕግ መሠረት፣ ለተጋጣሚዎ 2 ደቂቃ ይጨመርለታል፤ ስሕተቱ ከተደገመ ደግሞ በመደበኛው ጨዋታውን ይሸነፋሉ።

ከሁሉ በላይ ጀማሪን የሚፈትነው የነኩትን ጠጠር የማንቀሳቀስ ግዴታ ነው። ሆን ብለው የነኩት የራስዎ ጠጠር መንቀሳቀስ የሚችል ከሆነ ማንቀሳቀስ፣ የተጋጣሚዎን ጠጠር ከነኩና መብላት የሚቻል ከሆነም መብላት አለብዎት። ጠጠሩን በካሬው ውስጥ ማስተካከል ብቻ ሲፈልጉ፣ ተራው የእርስዎ ሆኖ ሳለ ከመንካትዎ በፊት «ላስተካክል ነው» ብለው ይናገሩ። ካስሊንግ፣ ማለትም ንጉሡንና ግንቡን በአንድ ተራ ማንቀሳቀስ፣ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በአንድ እጅ መጀመሪያ ንጉሡን ሁለት ካሬ ወስደው፣ ቀጥሎ በዚያው እጅ ግንቡን ያሻግራሉ። አስቀድመው ግንቡን ከነኩ በዚያ ተራ በዚያ ወገን ካስሊንግ ማድረግ አይፈቀድልዎትም፤ ግንቡን ብቻ ለማንቀሳቀስ ይገደዳሉ። ወታደርዎ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ሲደርስም ተጨማሪ ንግሥት በአጠገብዎ ከሌለ፣ ሰዓቱን አቁመው ዳኛውን ይጠይቁ። በሰፈር ጨዋታ እንደሚደረገው ግንብ ገልብጠው ካስቀመጡና ጨዋታውን ከቀጠሉ፣ ያ ጠጠር በውድድር ዳኛ ፊት ግንብ እንጂ ንግሥት አይደለም።

ጠጠሩን ባንቀሳቀሱበት እጅ ሰዓቱን መጫን፣ ረዘም ባለ ጨዋታ ደግሞ የሁለታችሁንም እንቅስቃሴ በወረቀት ላይ መመዝገብ ግዴታ ነው። በቀድሞው የአገራችን የቼስ ዓይነት፣ በሰንጠረዥ፣ ወረራ በሚባለው መነሻ ላይ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሱ ነበር፤ በዛሬው ውድድር ግን ሁሉ ነገር በተራና በሰዓት የተቆጠረ ነው። ስለዚህ ከምዝገባው በኋላ ባሉት ሳምንታት ከጓደኛዎ ጋር በእውነተኛ ሰሌዳና በሰዓት፣ እንቅስቃሴዎቹን እየጻፉ ይለማመዱ። እጅዎ ይህን ሲለምድ አእምሮዎ ለጨዋታው ነጻ ይሆናል። በውድድሩ ዕለት ስልክዎን አጥፍተው አዘጋጆቹ ባዘዙት ቦታ ያኑሩት፤ በጨዋታ ላይ ሳሉ ኪስዎ ውስጥ ከተገኘ ሊያሸንፉት የሚችሉትን ጨዋታ እንኳ ሊያሳጣዎት ይችላል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወዳደሩ በብሊትዝ አይጀምሩ። ብሊትዝ ለአንድ ተጫዋች 10 ደቂቃ ወይም ከዚያ በታች የሚሰጥ ሲሆን፣ ጀማሪ በዚያ ፍጥነት የሚማረው መቸኮልን ነው ብዬ አምናለሁ። በአካባቢዎ ክለብ መኖሩን ከከተማው ስፖርት ጽሕፈት ቤት ወይም ከኢትዮጵያ ቼስ ፌዴሬሽን ይጠይቁ።

በልጆች መሸነፍን በተመለከተ፣ እንደሚሸነፉ አስበው ይሂዱ። አብዛኛው ክፍት ውድድር የሚካሄደው በስዊስ ሲስተም ነው፤ ይህም በ1895 እ.ኤ.አ. በዙሪክ ከተማ የተጀመረ፣ ማንንም ሳያሰናብት በየዙሩ ተመሳሳይ ነጥብ ያላቸውን የሚያገናኝ አሠራር ነው። ሁለት ጊዜ ቢሸነፉ በሦስተኛው ዙር የሚገጥምዎ እንደ እርስዎ የተሸነፈ ሰው ነው፤ በዚህም እስከ መጨረሻው ዙር በአቅምዎ ልክ ይጫወታሉ። ከጨዋታው በኋላ ያሸነፈዎትን ልጅ «የት ላይ ተሳሳትኩ?» ብለው ይጠይቁት፤ ክለብን ከስልክ የሚያስበልጠው ሰሌዳውን መልሶ ደርድሮ የሚያሳይዎ ሰው መኖሩ ነው።

ጥያቄ፦ በስልኬ ላይ 1500 ነጥብ አለኝ። ይህ በፊዴ ዘንድ ይቆጠርልኛል? የመጀመሪያ ውድድሬን ሙሉ በሙሉ ብሸነፍስ?

መልስ፦ አይቆጠርም። እያንዳንዱ ድረ ገጽ ነጥቡን የሚያሰላው በራሱ ተጫዋቾች መካከል ስለሆነ፣ የስልኩ 1500 ከፊዴው 1500 ጋር አይወዳደርም። የፊዴ ሬቲንግ፣ ማለትም የተጫዋችን ብቃት የሚያሳይ ነጥብ፣ ለማግኘት ሬቲንግ ካላቸው ተጫዋቾች ጋር ቢያንስ 5 ጨዋታ፣ በተመዘገበ ውድድር ላይ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ጨዋታዎቹ ግን ሁሉም በአንድ ውድድር ላይ እንዲደረጉ ግዴታ የለም። ከማርች 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዝቅተኛው ሬቲንግ 1400 ስለሆነ፣ ውጤትዎ ከዚህ በታች ከመጣ ስምዎ በዝርዝሩ ላይ አይወጣም። ሬቲንግ የሌለው ተጫዋች በመጀመሪያ ውድድሩ ዜሮ ካመጣ ግን ያ ውጤት ለሬቲንግ ስሌት አይያዝበትም፤ ስለዚህ የሚያሳጣዎት ነጥብ የለም፣ ይመዝገቡ።