ለወንድሜ ሳንባ መድኃኒት የለም ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ44 ዓመት ወንድሜ የሳንባ ምች ታሞ ቤት ውስጥ አንቲባዮቲክ ሲወስድ ቆየ። ሲብስበት ሆስፒታል ወሰድነው። ኢንፌክሽኑ በሰውነቱ ተሰራጭቶ ሳንባው ስለተጎዳ አሁን ጽኑ ሕሙማን ክፍል በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ነው። ሐኪሞቹ «ለሳንባው ጉዳት የተለየ መድኃኒት የለም» አሉን። ውጭ አገር ያለ ዘመዳችን ግን ዴክሳሜታዞን የሚባል መርፌ ያድነዋል፣ ልላክላችሁ ይላል። መሣሪያ ላይ የገባ ሰው አይመለስም ሲባልም ሰምቻለሁ። የ68 ዓመት እናታችን ደግሞ በድንጋጤው ይሁን ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ትኩሳትና ሳል ይዟታል፤ ከወንድሜ የተረፈውን አንቲባዮቲክ እየሰጠናት ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ «መድኃኒት የለም» ሲሉዎት «ተስፋ የለም» ያሉዎት መስሎ የተሰማዎት ይመስለኛል። ሐኪሞቹ እንደዚያ አላሉም። ወንድምዎ በዚህ ሰዓት ሕይወቱን የሚያቆዩ በርካታ መድኃኒቶች እየወሰደ ነው። የሌለው የተጎዳውን ሳንባ ራሱን የሚጠግን አንድ መርፌ ነው፤ እሱ ደግሞ ለማንም የለም።

ከባድ ኢንፌክሽን ሲከሰት ሰውነት ጀርሙን ለመዋጋት የሚያስነሳው ብግነት አንዳንዴ ልኩን ያልፍና የራሱን አካላት ይጎዳል። ይህን ሴፕሲስ እንለዋለን። ሳንባ ውስጥ አየርና ደም የሚገናኙበት ግድግዳ እጅግ ስስ ነው። ብግነቱ ሲጎዳው ከደም ሥሮች ፈሳሽ እየሾለከ የአየር ከረጢቶቹን ይሞላቸዋል፤ ሳንባው ይደድራል፣ ኦክስጅን ወደ ደም መግባት ያቅተዋል። ይህ የሳንባ ጉዳት ኤአርዲኤስ (ARDS) ይባላል፤ ራሱን ችሎ በሕክምና መጽሔት የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ከዚያ ወዲህ ፈዋሽ መድኃኒት ብዙ ተፈልጓል። ለኮሌስትሮል የሚሰጡት ስታቲኖች ብግነቱን ያበርዱታል ተብሎ ተሞከሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተሙ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ጥቅም አላገኙባቸውም። ለአስም የምናውቀው ሳልቡታሞል በደም ሥር ሲሰጥ ፈሳሹን ያደርቀዋል የሚል ተስፋም ነበር፤ መድኃኒቱን ባገኙት ሕመምተኞች ላይ ሞት ስለበዛ ጥናቱ ከመጠናቀቁ በፊት ተቋረጠ፣ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2012 ታተመ። እናም ሐኪሞቹ የነገሯችሁ እውነቱን ነው፤ የደበቁት ነገር የለም።

አሁን የሚሰጠው ሕክምና የበሽታውን ምንጭ ይዋጋል፣ ሳንባው እስኪያገግም ድረስም ጊዜ ይገዛል። ከሁሉም የሚቀድመው ትክክለኛው አንቲባዮቲክ በደም ሥር በፍጥነት መጀመሩ ነው፤ የደም ግፊቱ ለወረደ የሴፕሲስ ሕመምተኛ በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ እንዲሰጥ ይመከራል። ግፊቱን ለመደገፍ ኖርኤፒንፍሪን የሚባል መድኃኒት በደም ሥር ይንጠባጠብለታል። አይኑን ጨፍኖ ሲያዩት አይደንግጡ፤ መሣሪያውን እንዲታገስ በመድኃኒት ስላስተኙት ሊሆን ይችላል። ፈሳሽ በብዛት አለመስጠታቸው ወይም ውሃ የሚያሸና መድኃኒት መጨመራቸውም ቸልተኝነት አይደለም። ግፊቱ ከተረጋጋ በኋላ ትርፍ ፈሳሽ ወደዚያው ሳንባ ይሄዳል።

ዴክሳሜታዞንን በተመለከተ ዘመድዎ ከባዶ አልተነሳም። የስቴሮይድ መድኃኒቶች ብግነትን ስለሚያበርዱ በዚህ ሕመም ለተመረጡ ሕመምተኞች ይሰጣሉ፤ ምናልባት ወንድምዎም ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱን እየወሰደ ይሆናል፣ ሐኪሞቹን ይጠይቁ። ነገር ግን ማን፣ መቼ፣ ምን ያህል የሚለው ሁሉን ይወስናል። ሕመሙ ከጀመረ ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ስቴሮይድ የተጀመረላቸው ሰዎች ሞት እንደጨመረ የታየበት ጥናት አለ። በኮቪድ ወቅትም በመሣሪያ ላይ ያሉትን የጠቀመው ይኸው ዴክሳሜታዞን ኦክስጅን ለማያስፈልጋቸው ሕመምተኞች ጥቅም አልነበረውም። ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ የሰውነትን መከላከያ ያዳክማል፣ ትኩሳትንም ይሸፍናል። ስለዚህ ዘመድዎ ምንም እንዳይልክ ይንገሩት። መርፌው ቤት ከገባ ለሌላ ሰው መወጋቱ አይቀርም፣ ይህንንም የምለው በምክንያት ነው።

መሣሪያ ላይ የገባ አይመለስም የሚለው አባባል ሐሰት ነው። ወደዚያ የሚገቡት በጣም የታመሙት ስለሆኑ የሚሞቱ አሉ፤ ይህን አልሸሽግዎትም። መሣሪያው ግን ገዳይ አይደለም፣ አጠቃቀሙም ተሻሽሏል። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት አየሩን በትንሽ መጠን፣ ማለትም በቁመት በሚሰላ ክብደት ለአንድ ኪሎ 6 ሚሊ ሊትር ብቻ መስጠት ሞትን ከ40 በመቶ ገደማ ወደ 31 በመቶ እንዳወረደ አሳየ። በዚህ መንገድ ከታከሙት ከሦስቱ ሁለቱ ተርፈዋል ማለት ነው። በደረቱ አስተኝተውት ካገኙትም ሕክምና መሆኑን ይወቁ፤ በቀን 16 ሰዓትና ከዚያ በላይ እንዲህ መተኛት በጣም የከፋባቸውን ሕመምተኞች ሕይወት አትርፏል። ሲነቃ ጡንቻው ይዝላል፣ ሐሳቡ ሊበታተን ይችላል፤ ማገገሙ ወራት ይወስዳል፣ አጠገቡ ሁኑለት።

አሁን ወደ እናትዎ ልምጣ። በደብዳቤዎ መጨረሻ እንደ ዋዛ የጠቀሱት ጉዳይ እኔን ከሁሉ በላይ አስደንግጦኛል። ድንጋጤ እንቅልፍ ይነሳል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ትኩሳትና ሳል ግን አያመጣም። አንድ ልጃቸው ከሳንባ ምች ተነስቶ መሣሪያ ላይ በደረሰበት ቤት የ68 ዓመት እናት ያስላሉ፣ ትኩሳት አላቸው፣ ሦስተኛ ቀናቸውም ሆኗል። እናንተ ደግሞ ወንድምዎን ያላዳነውን ክኒን ትሰጧቸዋላችሁ! እባካችሁ ይህን ዛሬውኑ አቁሙ። ትራፊ ክኒን ለሙሉ ሕክምና አይበቃም፤ ለጀርሙም ላይስማማ ይችላል። በዚያ ላይ ጀርሙ በደም ምርመራ እንዳይታይ ያደርጋል፤ ሐኪሙ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ ለማወቅ የሚፈልገው ደግሞ ያንኑ ምርመራ ነው። ከሁሉ የከፋው «መድኃኒት ጀምረዋል» በሚል መጽናናት ቀናት ማለፋቸው ነው። በወንድምዎ ላይ የሆነውም ይኸው ነበር። ለወቀሳ አይደለም የማነሣው፤ እንዳይደገም ነው።

ትንፋሻቸውን ቁጠሩ። ትኩሳቱን ሳይሆን ትንፋሹን። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ከባድ ኢንፌክሽን ይዟቸውም ትኩሳታቸው ትንሽ ሊሆን ወይም ከናካቴው ላይኖር ይችላል፤ ትንፋሽ ግን ቀድሞ ይፈጥናል፣ ቤተሰብም «ደክሟቸው ነው» ብሎ ያልፈዋል። እረፍት ላይ ሆነው፣ እየቆጠራችሁ መሆኑን ሳትነግሯቸው፣ ደረታቸው ወይም ሆዳቸው ከፍ ሲል አንድ ብላችሁ፣ ሰዓት ይዛችሁ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ። ለ15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ያሳስታል። ሲነገራቸው ሰዎች ሳያውቁት ትንፋሻቸውን ያስተካክላሉና በወሬ መሐል ቁጠሩ። ለአዋቂ ከ12 እስከ 20 ደህና ነው። 22 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የማስጠንቀቂያ ምልክት ነው። 30 ከደረሰ ልብስ ለመቀየር እንኳ አትቆዩ። አንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሰው መናገር ካቃታቸው፣ ንግግራቸው ከተምታታ፣ ቀኑን ወይም ሰው ከረሱ፣ ከወትሮው የበለጠ ካንቀላፉ፣ ሽንታቸው ካነሰ፣ ከንፈራቸው ከጠቆረ፣ ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ካላችሁ ተጠቀሙበት፤ ነገር ግን የቀዘቀዘ ጣትና የጥፍር ቀለም ያሳስቱታል፣ ጥቁር ቆዳ ላይም ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያነብ ይችላል። መለኪያው ደህና ነው እያለ ትንፋሹ ከፈጠነ ትንፋሹን እመኑ።

ቁጥሩ 18 ሆኖ ብታገኙትም በዚህ ዕድሜና በዚህ ሁኔታ ዛሬ ሐኪም ሊያያቸው ይገባል፤ ቆጠራው የሚነግራችሁ ምን ያህል መሮጥ እንዳለባችሁ ብቻ ነው። ስትሄዱ የክኒኑን ማሸጊያ ያዙ። ስንት እንደዋጡ፣ መቼ እንደጀመሩ፣ ልጃቸው በምን ምክንያት ጽኑ ሕሙማን ክፍል እንደተኛ ንገሩ። ቁጣ ፈርታችሁ አትደብቁ፤ ሐኪሙ የሚመርጠው አንቲባዮቲክ በዚህ መረጃ ሊቀየር ይችላል።