ስዋሽባክለር፦ ጋሻ የሚያስጮኸው ሰው

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በጎራዴ የተካነውን የፊልም ጀግና «ስዋሽባክለር» ይሉታል። «ባክል» የቀበቶ ዘለበት ስለሆነ ቃሉ ቀበቶውን ጠበቅ አድርጎ ከሚታጠቅ ሰው የመጣ ይመስለኛል። ልክ ነኝ? «ስዋሽባክል» የሚል ግስም አይቻለሁ፤ የቱ ይቀድማል?

መልስ፦ ዘለበቱ የቃሉ ዘመድ እንጂ አባት አይደለም። «ባክለር» ባለሰይፉ በሌላ እጁ ጨብጦ የሚመክትበት ትንሽ ክብ ጋሻ ነው። መሃሉ ላይ ወደ ውጭ ያበጠ የብረት ጉብታ አለው፤ የያዡ ጡጫ ከዚያ ሥር ይሸሸጋል። የጥንት ፈረንሳይኛ ይህን ጉብታም ሆነ ዘለበትን በአንድ ስም ይጠራቸው ነበር፤ ዝምድናቸው እዚህ ላይ ነው።

«ስዋሽ» በኃይል መትቶ ማስጮህ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ስዋሽባክለር የሚባለው የራሱን ወይም የባላጋራውን ጋሻ በሰይፍ እየደበደበ የሚፎክር ጉረኛ ነበር። ስሙ ስድብ እንጂ ሙገሳ አልነበረም። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ቶማስ ፉለር እ.ኤ.አ. በ1662 በታተመ መጽሐፉ እንደጻፈው፣ የለንደኑ ምዕራብ ስሚዝፊልድ እነዚህ ሰዎች የሚፈታተኑበት ቦታ ስለነበረ «የዱርዬዎች አዳራሽ» ይባል ነበር። ከቆሰለው የደነገጠው፣ ከሞተው የቆሰለው ይበዛ ነበር ይላል፤ ከጉልበት በታች መምታት ነውር ነበርና። ይህቺ የነውር ሕግ እጅግ ትማርከኛለች፤ ጉረኞቹም ወሰን ነበራቸው ማለት ነው።

ጋሻዋን ግን በእነርሱ አንለካት። በሊድስ የንጉሣዊ የጦር መሣሪያዎች ሙዚየም የሚገኝ፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ የተዘጋጀ የላቲን ብራና አለ። በሥዕሎቹ አንድ ቄስ ተማሪውን ሰይፍና ባክለር ሲያስተምር ይታያል፤ ዋልፑርጊስ የምትባል ሴትም ትጋጠማለች። እጅና ጋሻ እንዴት አብረው እንደሚሄዱ ላየ ሰው፣ ይህ ፍጹም ጥበብ ነው።

ቀጭኑ መውጊያ ሰይፍ ራፒየር ሲስፋፋ ባክለር ከጎዳና ጠፋች። ስሙን ከስድብ ወደ ክብር ያሻገሩት ታሪካዊ ልቦለዶች፣ በኋላም የተዋናዮቹ የዳግላስ ፌርባንክስና የኤሮል ፍሊን ፊልሞች ናቸው።

ግሱን በተመለከተ፣ ስሙ በብዙ ይቀድማል። እንግሊዝኛ ኪስ አውላቂን «ፒክፖኬት» እንደሚለው ሁሉ፣ እዚህም በቃሉ ውስጥ «ስዋሽ» የሚለው ግስ ከፊት፣ «ባክለር» የሚለው ስም ከኋላ ተጣምረዋል። መጨረሻው ላይ ያለው «ኧር» የጋሻዋ ስም አካል እንጂ የአድራጊ ምልክት አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ሰዎች የአድራጊ ምልክት አድርገው ወስደውት፣ እርሱን ቆርጠው «ስዋሽባክል» የሚለውን ግስ አወጡ።