የአንባቢያን ጥያቄ፦ ፕሮፖዛሌ ለምን ወደቀ?

ጥያቄ፦ በፓይተን (የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው) የፍለጋ ሲስተም እሠራለሁ። ለሁለት ኮንፈረንሶች «አማርኛ ጽሑፍን በፓይተን ማቀናበር» የሚል የንግግር ፕሮፖዛል ልኬ ሁለቱም ምክንያት ሳይሰጡ «አልተቀበልንም» አሉኝ። አማርኛ ስለሆነ ይሆን? የላክሁትን አያይዣለሁ። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በአማርኛ አያሳብቡ። ገምጋሚ እኮ ሲያነብ የሚውለው ተመሳሳይ ርዕስ ነው፤ ወጣ ያለ ነገር ሲያገኝ ደስ ነው የሚለው። የወደቀው አጻጻፉ ነው።

የላኩልን መግለጫ 8 ዓረፍተ ነገር አለው። ስድስቱ ስለ ግዕዝ ፊደል ታሪክና ስለ ቋንቋው ተናጋሪዎች ብዛት ያወራሉ። የእርስዎ ሥራ ብቅ የሚለው ሰባተኛው ላይ ነው፤ እሱም «ተግዳሮቶችንና መፍትሔዎችን እናያለን» ይላል። የትኛው ተግዳሮት? የትኛው መፍትሔ? ገምጋሚ ያልተጻፈለትን አይገምትም። ርዕሱም ቢሆን ለአንድ ሴሚስተር ኮርስ እንጂ ለ30 ደቂቃ ንግግር አይሆንም።

የሚገርመው፣ ጥሩው ንግግር በደብዳቤዎ መጨረሻ መስመር ላይ ተቀምጧል፦ «ደንበኛ ኃይሉ ብሎ ሲፈልግ ሀይሉ ተብሎ የተመዘገበው አይመጣለትም»። ከዚህ ይጀምሩ። ርዕሱም «ኃይሉን ስፈልግ ሀይሉ የት ገባ? ሞክሼ ፊደላት በፓይተን ፍለጋ ውስጥ» ዓይነት ይሁን፤ ሞክሼ የሚባሉት እንደ ሀ፣ ሐ እና ኀ ድምፃቸው አንድ፣ መልካቸው የተለያየ ፊደላት ናቸው። ግዕዝ የማያነብ ገምጋሚም ቢሆን ችግሩ ወዲያው ይገባዋል።

መግለጫው ከ100 እስከ 200 ቃል ይበቃዋል። መጀመሪያ ችግሩ በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ቀጥሎ ያደረጉት፣ በመጨረሻ ሰሚው ይዞት የሚሄደው። «ግንዛቤ ያገኛል» አይበሉ፤ «ሞክሼ ፊደላትን የሚያቀልጥ ሠንጠረዥ መሥራትና የት መጠቀም እንደሌለበት ማወቅ ይችላል» ይበሉ። ማቅለጥ ስንል ሞክሼዎቹን ወደ አንድ ፊደል ማምጣት ነው።

ብዙ ሰው ቸል የሚለው ግን ዝርዝሩ፣ አውትላይን የሚሉት፣ ነው። ገምጋሚው «ይህ ሰው በሰዓቱ ይጨርሳል? ጉዳዩን ያውቀዋል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚፈልገው እዚህ ነውና ደቂቃ ይጻፉበት። ለእርስዎ ጉዳይ እንዲህ ቢከፋፈል ይሆናል፦

ከ0 እስከ 3 ደቂቃ፣ ያልተሳካውን ፍለጋ በስክሪን ማሳየት። ከ3 እስከ 8፣ የዩኒኮድ (ፊደላትን በኮምፒውተር የሚወክለው መለያ ሥርዓት) ኖርማላይዜሽን፣ ማለትም አንድ ፊደል በተለያየ ኮድ ሲጻፍ ወደ አንድ ማምጣቱ፣ ለምን እንደማያድን፤ በዩኒኮድ ዓይን ሀ፣ ሐ እና ኀ ዝምድና የሌላቸው ፊደላት ናቸውና አይነካቸውም። ከ8 እስከ 18፣ ሠንጠረዡ። የሐ፣ የኀ፣ የሠ፣ የዐ እና የፀ ቤት እያንዳንዳቸው ሰባት ሰባት ሲሆኑ 35 ፊደላት ይሆናሉ። ከ18 እስከ 24፣ ማቅለጡ የሚጎዳበት ቦታ፤ ሠረቀ (ፀሐይ ሲወጣ) እና ሰረቀ (ሌባ ሲወስድ) አንድ ይሆናሉ፤ ስለዚህ የሚቀልጠው ኢንዴክሱ (ፍለጋው የሚያየው ማውጫ) ብቻ ነው፣ ለተጠቃሚው የሚታየው ጽሑፍ እንደተጻፈ ይቆያል። ከ24 እስከ 27 ፍተሻ። የቀረው 3 ደቂቃ መጠባበቂያ ነው፤ ፕሮጀክተር መቼ እንደሚያስቸግር አይታወቅም።

በ8 እና በ18 መካከል አንድ መስመር ይጨምሩ፦ ሠንጠረዡን ብቻ የሠራ ሰው ኃይሉን «ሃይሉ» ያደርገዋል እንጂ «ሀይሉ» ላይ አያደርሰውም፤ ኃ ራብዕ ነውና። ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ የሚመልስ ሁለተኛ እርምጃ ያስፈልጋል። ገምጋሚ እንዲህ ያለ መስመር ሲያይ ጸሐፊው ሥራውን በእጁ እንደሠራው ያውቃል። ከአሥር ዓመት ልምድ ዝርዝር ይልቅ ይህ አንድ መስመር ያሳምናል።

ጥያቄ፦ የታወቀ ድርጅት ውስጥ እንደምሠራ መግለጫው ላይ ብጽፍ ይጠቅመኛል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ፎርሙን ያንብቡ። እንደ ፓይኮን ዩኤስ (የአሜሪካው የፓይተን ጉባኤ) ባሉት ላይ የመጀመሪያው ዙር ግምገማ የአቅራቢው ማንነት ተሸፍኖ ነው የሚካሄደው፤ ስምዎን ወይም መሥሪያ ቤትዎን መግለጫው ውስጥ ማስገባት ደንብ መተላለፍ ነው። ቦታው የግል መረጃ ክፍሉ ነው። «በቀን ብዙ ጥያቄ በሚያስተናግድ ሲስተም ላይ ፈትሼዋለሁ» ማለት ግን ምንም ነውር የለውም።

ጥያቄ፦ በእንግሊዝኛዬ ስለማልተማመን በኤአይ ላስጽፈው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ሰዋስው ያርምልዎ፤ ሐሳቡን ግን አይፍጠርልዎ። ማሽን የጻፈው ፕሮፖዛል ስህተት የለውም፣ ቁም ነገርም የለውም፤ ከጎኑ ካለው ጋር መንትያ ነው። መጀመሪያ በአማርኛ አምስት ነጥብ ይጻፉ፣ በአጫጭር ዓረፍተ ነገር ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱ፣ ከዚያ ያሳርሙ። ሲያሳርሙ በመጀመሪያው መልስ እንዳየናት ራብዕ ኃ ያለችው ዝርዝር ተላልጣ እንዳትጠፋ ይጠብቁ፤ ማሽኑ መጀመሪያ የሚሰርዘው እሷን ነው።

ጥያቄ፦ ማስገቢያው «23፡59 ኤኦኢ» ይላል። በእኛ ስንት ሰዓት ነው? (ከጅማ)

መልስ፦ «በምድር ላይ የትም ቦታ» ማለት ነው፤ ከዩቲሲ (ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) 12 ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ። እኛ ከዩቲሲ 3 ሰዓት ስለምንቀድም ልዩነቱ 15 ሰዓት ነው። በማግስቱ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ59 ላይ ይዘጋል። ልብ ይበሉ፦ ፎርሙ «23፡59 ዩቲሲ» ካለ ደግሞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ59 ነው። ሁለቱም በእኛ ሰዓት 8፡59 ናቸው፤ አንዱ ሌሊት አንዱ ቀን። ሁለቱን ያምታታ ሰው 12 ሰዓት ሊዘገይ ይችላል።

ጥያቄ፦ ዩሮፓይተን (የአውሮፓው የፓይተን ጉባኤ) ቢቀበለኝ ቪዛው ይደርስልኛል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሩጫው ከተቀበሉዎት ቀን ይጀምራል። የአውሮፓ ኅብረት በኤፕሪል 2024 ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን የሸንገን ቪዛ መደበኛው የውሳኔ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል። ሒሳቡን በ2025ቱ ይዩት፦ ጉባኤው በፕራግ ጁላይ 14 ጀመረ፤ 45 ቀን ወደ ኋላ ሲቆጠር ሜይ 30 ላይ ያርፋል። ቀጠሮ መጠበቁ ከዚያ በፊት ነው። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ ማስገባት ስለሚቻል፣ የተቀባይነት ኢሜይሉ እንደደረሰዎት በዚያው ቀን የግብዣ ደብዳቤ ይጠይቁ፤ ስምዎ እንደ ፓስፖርትዎ፣ የአባትና የአያት ስም ሳይገለበጥ መጻፉን ያረጋግጡ። የጉዞ ድጋፍም ለብቻው በሌላ ፎርም፣ በሌላ የመዝጊያ ቀን ነው የሚጠየቀው። ፕሮፖዛሉ ካለፈ ራሱ ይመጣል ብለው አይጠብቁ።