ስለ 194,313 የተጠየቁና የተመለሱ

ዐቢይ ቀመር፣ ማለትም በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የጨረቃው ዑደት፣ ቀኑና የሳምንቱ ዕለት አብረው የሚመለሱበት 532 ዓመት፣ በዕለት ሲቆጠር 194,313 ነው። ስለዚህ ቁጥር በከተማው ዳርቻ ካሉ የሂሳብ ተማሪዎች የመጡት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

ከለገጣፎ፦ መምህር፣ ቁጥሩ ከየት ተገኘ?
532 × 365 = 194,180። ጳጉሜን በየ4 ዓመቱ 6 ስለምትሆን 133 ዕለት ጨምር። ብዙዎች እንደ ጎርጎርዮሳውያን ከመቶ ዓመቶቹ ሊቀንሱ ሲሉ ይሳሳታሉ፤ በእኛ አቆጣጠር ያ ቅነሳ የለም።

ከሰበታ፦ የጨረቃው ዑደት 19 ዓመት ከሆነ ለምን 532 ድረስ እንሄዳለን?
19 ዓመት 6,939 ዕለት ከሦስት ሩብ ስለሆነ በሙሉ ዕለት አይዘጋም። በ4 ሲባዛ ሩቡ ይጠፋና 76 ዓመት፣ ማለትም ማዕከላዊ ቀመር፣ 27,759 ዕለት ይሆናል። ይህም ለ7 ሲካፈል 4 ይተርፋል፤ ቀኑ ቢመለስም የሳምንቱ ዕለት ይዛነፋል። በ7 ስታበዛው ሁሉም ይገጥማል። እንግዲህ 27,759 በ76 ዓመት ውስጥ ያሉት ዕለታት፣ በ532 ዓመት ውስጥ ደግሞ ያሉት ሳምንታት ቁጥር ነው።

ከቡራዩ፦ ያለ ካልኩሌተር እንዴት ልተንትነው?
የአሃዞቹ ድምር 21 ስለሆነ ለ3 ይካፈላል፦ 64,771። ይህ ለ7 ሲካፈል 9,253። ከዚያ 7ን ድገሚ፣ 6 ይተርፋል፤ 11፣ 13 እና 17ም ቀሪ አላቸው፤ 19 ግን እኩል ያካፍላል፦ 487። 23 × 23 = 529 ከ487 ስለሚበልጥ ከ19 በላይ መሞከር አያስፈልግም። ትንንሾቹ በ9,253 ላይ ስለወደቁ አትድገሚያቸው፤ 19ን ብቻ እንደገና ሞክሪ፣ 12 ይተርፋል። ስለዚህ 3 × 7 × 19 × 487።

ከሱሉልታ፦ ድምሩ 21 ከሆነ ለ7 መካፈሉንም ከዚያው አናውቅም?
አናውቅም፤ እዚህ የገጠመው በአጋጣሚ ነው። የ25 አሃዞች ድምር 7 ነው፣ 25 ግን ለ7 አይካፈልም። ደንቡ ለ3 የሚሠራው 10 ለ3 ሲካፈል 1 ስለሚተርፍ ነው፤ ለ7 ሲካፈል 3 ይተርፋል።

ከቱሉ ዲምቱ፦ ስንት አካፋይ አለው? ፍጹም ቁጥር ነው?
16። ፍጹም የሚባለው ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ ተደምረው ራሱን የሚሰጡ ቁጥር ነው። የ16ቱ ድምር 4 × 8 × 20 × 488 = 312,320። ራሱን ስትቀንስ 118,007 ይቀራል፤ ከቁጥሩ ያንሳል፣ ስለዚህ ፍጹም አይደለም።

ከሰበታ፦ ለ4 ሲካፈል 1 ይተርፋል፤ የሁለት ካሬዎች ድምር ይሆናል ማለት ነው?
ያ መለኪያ ብቻውን የሚበቃው ለብቸኛ ቁጥር፣ ማለትም ከ1 በላይ ሆኖ ለ1 እና ለራሱ ብቻ ለሚካፈል፣ ነው። ለተተንታኝ ቁጥር፣ ለ4 ሲካፈል 3 የሚተርፈው እያንዳንዱ ብቸኛ አካፋይ በጥንድ መምጣት አለበት። እዚህ አራቱም 3 ይተርፋቸዋል፣ የመጡትም አንድ አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ አይሆንም። የሦስት ካሬዎች ድምር ግን ይሆናል፤ ለ8 ሲካፈል 1 ስለሚተርፍ።

ከለገጣፎ፦ እርስዎን የሚያስገርምዎት የትኛው ነው?
ከ194,313 በታች ሆነው ከእሱ ጋር ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የሌላቸው ቁጥሮች 2 × 6 × 18 × 486 = 104,976 ናቸው። ይህ ልክ 18 × 18 × 18 × 18 ነው!

ለእኔ ግን የሚበልጠው 487 ነው። 1/487 በአስርዮሽ ሲጻፍ በየ486 አሃዙ ይደግማል። የ487 ካሬ 237,169 ነው፤ የ1/237,169 ድግግሞሽ እንደወትሮው ቢሆን 487 እጥፍ፣ 236,682 አሃዝ፣ በሆነ ነበር፤ እሱም ግን በ486 ይደግማል። ከ1,000 በታች ይህ ጠባይ ያላቸው ብቸኛ ቁጥሮች 3 እና 487 ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም እዚህ ቁጥር ውስጥ ገብተዋል። 1/194,313ም በየ486 አሃዙ ይደግማል። የስልክ ካልኩሌተር ጥቂት አሃዝ ብቻ ስለሚያሳይ ይህን አታይበትም፤ በረጅሙ አካፍለህ ቀሪውን ተከታተል፣ በ486ኛው እርምጃ ወደ 1 ይመለሳል።