የአሮጌ ሂሉክስ መኪና የሞተር ኮምፒውተር ሽቦ እንዴት ይለያል?

ቀለሙ ደብዝዞ የትኛው ሽቦ ምን እንደሆነ ጠፋኝ ላልከው፦ ቀለሙን እርሳው። በዲጂታል ቴስተር (መልቲሜትር) ለየው።

1. ቁልፉን አጥፋ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ፣ የኮምፒውተሩን ሶኬት ንቀል። በኦም ከሶኬቱ ወደ ቦዲ ለካ። ዜሮ የሚጠጋው ግራውንድ (ከቦዲ ጋር የተገናኘው የኔጌቲቭ መስመር) ነው።

2. ሶኬቱንም ባትሪውንም መልስ፣ ከሶኬቱ ጀርባ በቀጭን መርፌ በቮልት ለካ። ቁልፍ ጠፍቶም 12 ቮልት ያለው ቋሚ መስመር ነው። ሲከፈት ብቻ 12 ቮልት የሚመጣበት አብዛኛውን ጊዜ የቁልፍ ነው። 5 ቮልት ካየህ አብዛኛውን ጊዜ የሴንሰር ነው። ሁለት ሽቦ በመርፌው እንዳታገናኝ።

ጣርማበር ጉም ውስጥ የሚያድር መኪና ከሆነ መጀመሪያ ሶኬቱን እይ፤ አረንጓዴ ዝገት ሊኖረው ይችላል።

በአምፖል ቴስተር ግን እንዳትሞክር። እኔ ደብረ ብርሃን ላይ ቸኩዬ የሴንሰር መስመር ላይ አስነካሁና ደህናውን ኮምፒውተር አቃጠልኩት።