ሊንከን ከኮንግረስ የወጡት ተሸንፈው ነበርን?

ጥያቄ፦ አብርሃም ሊንከን ፕሬዚዳንት ከመሆናቸው በፊት የትንሽ ከተማ ጠበቃ፣ ቀጥሎም የኮንግረስ አባል እንደነበሩ አንብቤያለሁ። በምክር ቤቱ የቆዩት ለአንድ የምርጫ ዘመን ብቻ ነው፤ በምርጫ ተሸንፈው ይሆን?

መልስ፦ አልተሸነፉም፤ እ.ኤ.አ. በ1848 ጨርሶ አልተወዳደሩም። የኢሊኖይ ግዛት የዊግ ፓርቲ (ሊንከን ያኔ አባል የነበሩበት ፓርቲ) መሪዎች ወንበሩን በየተራ ይቀባበሉት ስለነበር፣ ሊንከን በ1846 ሰባኪውን ፒተር ካርትራይትን አሸንፈው ተራቸውን ከጨረሱ በኋላ ቦታውን ለቀድሞ የጥብቅና ባልደረባቸው ለስቲቨን ሎጋን ለቀቁ። የተሸነፉት ሎጋን ናቸው።

ለሎጋን መሸነፍ የሊንከንን አቋም ተጠያቂ ያደረጉ ብዙዎች ነበሩ። ሊንከን በ1847 መጨረሻ፣ ፕሬዚዳንት ፖልክ የሜክሲኮን ጦርነት ለማስረዳት «የአሜሪካውያን ደም በገዛ መሬታችን ፈሰሰ» ማለታቸውን ይዘው፣ ያ ቦታ በትክክል የት እንደሆነና የማን እንደነበረ እንዲገልጹ የሚጠይቅ የውሳኔ ሐሳብ አቀረቡ። ነገሩ የችሎት መስቀለኛ ጥያቄ ይመስላል፤ አያስገርምም፣ ሕግን ያለ ትምህርት ቤት ከመጻሕፍት ተምረው በ1836 የጥብቅና ፈቃድ ያገኙት፣ ከዚያም መኖሪያቸውን ስፕሪንግፊልድ አድርገው ከወረዳ ወደ ወረዳ ከሚዘዋወረው ችሎት ጋር በፈረስ እየተጓዙ ሲሟገቱ የኖሩት ሰው ሙያቸውን ይዘው ነው ዋሽንግተን የገቡት። በኢሊኖይ ግን ጦርነቱ ተወዳጅ ነበርና ተቃዋሚዎቻቸው ተሳለቁባቸው።

በ1849 ከዊሊያም ኸርንደን ጋር ወደሚሠሩበት ቢሮ ተመለሱ። ዳግም ወደ ፖለቲካው የሳባቸው ባርነት ወደ አዳዲስ ግዛቶች እንዲስፋፋ በር የከፈተው የ1854ቱ የካንሳስና ነብራስካ ሕግ ነው።